ቡኢ ላይ ተለዋወጡን

ቡኢ ላይ ነው የተለዋወጡን። ለዘብ አድርጌ ብናገረው ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። እኔ ከአዲስ አበባ መጣሁ፣ የአክስቴ ልጅ ከቡታጅራ መጣች፣ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ተሰብስቦ ክትፎ በላ። ከዚያ የእኔ ሻንጣ የቡታጅራው ሚኒባስ ላይ ወጣ፣ የእሷ ደግሞ የአዲስ አበባው ላይ። አባቴና የአክስቴ ባል ተጨባብጠው ትከሻ ለትከሻ ሲገጫጩ ያየ ሰው፣ ወይፈን የተሻሻጡ ነበር የሚመስለው።

«ይቺ ጠዋት ካልጎተትሻት አትነሳም» አለች እናቴ፣ ስለ እኔ።

«ይቺ ደግሞ ሽንኩርት ለቅማ አውጥታ ነው የምትበላው» አለች አክስቴ፣ ስለ ልጇ።

እኔና የአክስቴ ልጅ ተያየንና ሳቃችን አመለጠን። እኛ ደግሞ አንዴ ከጀመረን ማቆም አናውቅም፤ እሷ የጎረሰችው ትን ብሏት ጀርባዋን መቱላት። ያኔ ገና ትንሽ የነበረችው እህቴ ብቻ ነገሩም ሳቁም ሳይገዳት ሥጋዋን ታነሳ ነበር። «ምን ያስገለፍጣችኋል? ቁም ነገር ላይ ነን እኮ!» አለ አባቴ።

ቡኢን የመረጡት ግማሽ መንገድ ነው ብለው ነው። አይደለም፤ ለቡታጅራ ይቀርባል። አባቴም ያውቀዋል። ግን እሱ የሶዶ ልጅ ነው፤ ቡኢ ካልደረሰ ክትፎ በላሁ አይልም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሁለታችንም የአሥረኛ ክፍልን ፈተና አልፈን መሰናዶ ልንገባ ነው። ሁለታችንም ሕክምና ካልገባን ሞተን እንገኛለን ባዮች ነን። ሕክምና ደግሞ የሚገባበት ውጤት ሰማይ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የእኔ ክፍል ውስጥ እንኳ ሌት ተቀን መጽሐፍ ላይ የተተከሉ፣ ለእረፍት ሲደወል የሚከፋቸው ልጆች ሞልተዋል፤ እኔ ከእነሱ ኋላ ኋላ የምሮጥ ነኝ። ሰነፍ አልነበርኩም፣ ግን ወሬ እወዳለሁ።

መላውን ያመጣው ትልቁ አጎቴ ነው። ወልቂጤ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ለአባቴም ለአክስቴም ታላቃቸው ስለሆነ በቤተሰባችን ነገር የሚቆርጠው እሱ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ የትኛው ሱቅ እንደሚከራይ፣ ሌላው ቀርቶ የፋሲካ በግ ነጭ ይሁን ቡላ። ታዲያ አንድ ቀን ከጅማ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰውዬ ወሬ ነገረው። የሰውዬው ልጅ ክልል ሄዶ ተፈትኖ፣ አዲስ አበባ ቢሆን በማያስገባው ውጤት ሕክምና ገባ። የትኛው ክልል? አጎቴ አልጠየቀም። መጠየቅ የታናሾች ሥራ ነው። ወልቂጤ መውረድ ሲገባው ሳይወርድ ቀጥ ብሎ አዲስ አበባ፣ እኛ ቤት ከች አለ።

«ለክልል ልጅ ያግዙታል!» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «እዚህ ምን ይሠራላታል? ቡታጅራ ትሂድ! አክስቷ አለች፣ ቤት አለ፣ ክልል ነው። በቃ!»

አክስቴ ለባልዋ የእንጨት ሥራ ኮላና ቫርኒሽ ልትገዛ መጥታ እኛው ቤት ነበረች። ሰማችና ደስ አላት። «እሰይ! እንግዲያው የእኔን ልጅ እናንተ ያዙልኝ» አለች። «ጥሩ አስተማሪ ያለው አዲስ አበባ ነው።»

«አልጋውም ባዶ አይቅር» አለች እናቴ።

ልብ በሉልኝ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ፣ እኔ አዲስ አበባ ስለማያዋጣ ወጣሁ፣ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ስለሚያዋጣ ገባች። አንድም ሰው «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር እርስ በርሱ አይጣላም?» አላለም። እኔ ታይቶኝ ነበር። ግን ማን ጠየቀኝ?

አጎቴ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። እኛ ቤት አጎቴ እጁን ከዘረጋ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይመርቃል፣ ሁሉም አሜን ይላል፤ ከአሜን በኋላ ያንን ነገር መልሶ ማንሳት ምርቃቱን መርገጥ ነው፣ የሚደፍረው የለም። «የምትሄደውም ይቅናት፣ የምትመጣውም ይቅናት! ሁለቱም ነጭ ልብስ ለብሰው ያሳየን!»

«አሜን!»

እኔም አሜን አልኩ። አፌ ለምዶበት።

ሐኪም የመሆን አምሮት ከየት መጣብሽ ብትሉኝ፣ እሱም ከዚሁ አጎቴ ጋር የተያያዘ ነው። ልጅ ሳለሁ መስቀልን ወልቂጤ እሱ ቤት ስናከብር ዛፍ ላይ ወጥቼ ወደቅሁና ክንዴ ተሰበረ። አታት ሆስፒታል አለ ተብሎ ይዘውኝ በረሩ። ይዘውኝ ስል ሁሉም ናቸው፤ አባቴ፣ ትልቁ አጎቴ፣ ሌሎቹም አጎቶቼ፣ የማላውቃቸው የነሱ ጓደኞች። የምመረመርበት ክፍል ውስጥ ግጥም ብለው ገቡ። አንዱ ወጌሻ ይሻላል ይላል፣ አንዱ ቅቤ ይቀባ ይላል፣ ትልቁ አጎቴ ከሁሉም በላይ ጮኾ ድሮ የእሱ እግር እንዴት እንደዳነ ይተርካል።

ሐኪሟ ገባች። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኗ የሰፋት ሴት ናት። ዞር ብላ አየቻቸውና «ውጡ» አለች።

ጮክ አላለችም። ትልቁ አጎቴ፣ ያ በሕይወቱ ሴት አቋርጣው የማታውቅ ሰውዬ፣ ወሬውን መሀል ላይ ቆርጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ተሰልፎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ እሪታዬን ሳቀልጠው ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ዝም ካላልሽ ያኛውንም እሰብርልሻለሁ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ይስቃል። ዝም አልኩ። ክንዴ እየነደደኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለካ እንዲህ መሆን ይቻላል! ያንን አንድ ቃል መናገር የምችልበት ሥራ ይሄ ከሆነ፣ በቃ፣ እኔ ሌላ ሥራ አልፈልግም አልኩ።

ቡታጅራ እንግዲህ እንዲህ አድርጌ ገባሁ። የአክስቴ ቤት ከባልዋ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ነው። እሱ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራ ለራሱ መዝሙር ያንጎራጉራል። በመጣሁ ሳምንት «ለሐኪም የሚሆን» ብሎ ጠረጴዛ ሠራልኝ። ጠረጴዛውስ ያምር ነበር፤ መሳቢያው ግን አይከፈትም። ሲገጣጥመው እንጨቱ እርጥብ ነበር መሰለኝ። «ሲደርቅ ይከፈታል» አለኝ። እኔም በየማለዳው ጎተት አድርጌ አየዋለሁ። ወይ ፍንክች!

አክስቴ በትዳሯ ጴንጤ ሆናለች፤ እኔ ደግሞ ከነጾሜ ነው የሄድኩት። የእኔ ጾም ያንን ቤት እንዴት እንዳሰቃየው! ረቡዕና ዓርብ ለእኔ ብቻ ሽሮ ይሠራል። የአክስቴ ባል እንቁላል ፍርፍሩን እንዳያስጎመጀኝ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይበላል። አንድ ዓርብ ጭራሽ ሳህኑን ይዞ ሥራ ቤቱ ገብቶ በላና፣ ጢሙ ላይ እንቁላልና ሰጋቱራ ተቀላቅሎ ሲመለስ፣ እኔና አክስቴ በሳቅ ወደቅን። እሱ ምን እንደሆንን አልገባውም። «መዝሙሩ አምልጦኝ ነው?» አለ።

ቡታጅራ ደግሞ ወሬ አታሳድርም። ሳምንት ሳይሞላኝ ከተማው ሁሉ የአዲስ አበባዋ ልጅ ሐኪም ልትሆን መጣች ብሎ ጨርሷል። ጎረቤታችን የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ሀጂያ የምንላቸው፣ ጠዋት በራቸው ላይ ይጠብቁኛል። «አሰላሙ አለይኩም፣ ዶክተር!» ይላሉ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ያጥፉልኛል። «ስሚው፤ ቋ ይላል።»

«ሀጂያ፣ እኔ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ እኮ።»

«አሥራ አንድ! ታዲያ ስንት ፈለግሽ?»

ሰፈሩ ውስጥ መስቃንኛው፣ ስልጥኛው፣ አማርኛው አብሮ ይኖራል፤ የእኔ ጉራጌኛ ለመብላትና ለመሰደብ ብቻ የሚበቃ ነበር። ግን ዶክተር የሚለው ቃል በሁሉም ያው ነው። ጋሪ ነጂው ሳይቀር «ዶክተር፣ ግቢ!» ይለኛል። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። መንገድ ላይ መራመዴ ራሱ ተለወጠ።

ታዲያ እንዲህ ተነፍቼ ነው አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የገባሁት። «እርዳታው መቼ ነው የሚጨመርልን?» አልኩት።

«የምን እርዳታ?»

«ለክልል ልጅ የሚታገዘው።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ፤ ለካ ሳቁ እንባ አምጥቶበት ነው። «የእኔ ልጅ፣ እሱ እኮ ለታዳጊ ክልሎች ነው። ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላ፣ ለቤንሻንጉል። ቡታጅራን ማን ታዳጊ አለብሽ? እስቲ መርካቶ ሱቅ ያለው ዘመድ የሌለው የቡታጅራ ሰው አምጪልኝ!»

እየሳቀ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ።

በዚያው ቀን ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ስለ እኔ ጉድ ሳልነግራት የራሷን አፈሰሰችው። ያኔ ፕላዝማ የሚሉት ነገር ነበር። ክፍል ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ በሳተላይት የሚመጣ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ሽምጥ እየጋለበ ያስተምራል፤ ሳትጽፉት ገጹ ያልፋል፣ ሳይገባችሁ «ተወያዩ» ብሎ ሰዓት ይቆጥርባችኋል። የክፍሉ መምህር ሥራ ቴሌቪዥኑ የሚቆለፍበትን ሳጥን ከፍቶ መዝጋት ነው። እና የአክስቴ ልጅ ጥሩ አስተማሪ ፍለጋ ቤቷን ጥላ አዲስ አበባ ሄዳ ምን አገኘች?

«እዚህም ያው ሰውዬ ነው!» አለችኝ።

«ያ ባለ ሰማያዊ ክራቫት?»

«እሱ ራሱ! ዛሬ ጠዋት ፊዚክስ...»

«ክራቫቱን እያስተካከለ አሳለው አይደል?»

«እናንተም ጋ አሳለው?!»

በመላ አገሪቱ አንድ ሰውዬ አንዴ ስሎ እሷ መርካቶ አጠገብ፣ እኔ ቡታጅራ ሆነን ሰማነው። ከዚያ የእኔን ነገርኳት። ቀጥሎ ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅሁም፤ እኔም የእኔን አላወቅሁም። አክስቴ መጥታ ስልኩን ነጠቀችኝ።

በነጋታው ወልቂጤ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ተሳስተናል። እገዛው ቡታጅራን አይመለከትም። እሷም አዲስ አበባ ያገኘችው ያንኑ አስተማሪ ነው። እንመለስ?»

ከበስተኋላው ቆርቆሮ ይንኳኳል።

«ተመርቆ ያለቀ ነገር ነው» አለ።

«ግን እኮ ጋሼ...»

«አሜን ብለሻል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«በቃ።» ዘጋው።

እንዴት እንደተናደድኩ! ያንን አንካሳ ጠረጴዛ... አንካሳ እንኳ አልነበረም፣ ያንን ምስኪን ጠረጴዛ በጡጫ መታሁት። ሕክምና ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። ከጓደኞቼ ተነጥዬ፣ ከእናቴ ርቄ፣ ከተማ ሙሉ ሰው ዶክተር እያለኝ፣ ያለ አንዳች እገዛ የምፈተነው ያንኑ ፈተና ነው። ብወድቅስ? ሀጂያን በየት በኩል ነው የማልፋቸው? ያን ቀን አለቀስኩ። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ አልጸለየችም፣ አልመከረችም፤ «እኔም ስንቱን ነገር አሜን ብዬ ነው የኖርኩት» አለችና ፀጉሬን ጎነጎነችልኝ።

ያዳነን መብራት መጥፋቱ ነው።

ቡታጅራ መብራት እንደልቡ ነበር የሚሄድ የሚመጣው። የፕላዝማው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ሳለ ድርግም! ክፍሉ ጭር ይላል። የፊዚክስ መምህራችን ያንን ቅጽበት እንደ ደመወዝ ነው የሚጠብቀው። ከጥግ ወንበሩ ተነስቶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጠመኔውን ያነሳና «ምንድን ነበር ያ ሰውዬ የሚያስሮጠው?» ይለናል። ከዚያ ከሥሩ ይጀምራል፣ በአማርኛ፣ በእኛው ጋሪ። ፈረሱ ድንገት ሲቆም ለምን ወደ ፊት ትደፊያለሽ? ጋሪው ባዶ ሲሆን ለምን ቶሎ ይነሳል? ወይ ጉድ! ለካ ፊዚክስ ማለት እኔ በየቀኑ የምሳፈረው ነገር ነው! ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ገብቶኝ የማያውቅ ነገር ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን አምላኩን ለመብራት መጥፋት መለመን ጀመረ። ጴንጤዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፣ ሙስሊሞቹ «ኢንሻ አላህ ዛሬ አይቆይም» ይላሉ፣ እኔ በሆዴ ለማርያም ሻማ እሳላለሁ። ክረምቱ ቀደም ብሎ የገባ ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነጎድጓድ ሲሰማ የምናጨበጭብ ተማሪዎች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የፕላዝማው ትምህርት ያልፈናል፤ ፈተናው የሚወጣው ደግሞ ከእሱ ነው። አዲስ አበባ እነ የአክስቴ ልጅ ጋ መብራቱ ይሻላል፤ እሷ ሰውዬው የተናገረውን አንድም ሳታስቀር ጽፋለች፣ ግን አልገባትም። እኔ ገብቶኛል፣ ግን ጎዶሎ ነኝ። መላው የመጣልን በስልክ እየተሳሳቅን ነው። እሷ የሰውዬውን ትልክልኛለች፣ እኔ የመምህሬን እልክላታለሁ። ሁለት ሰዎች ሆነን አንድ ሙሉ ተማሪ እንወጣለን።

ፖስተኛችን ሀጂያ ሆኑ። መርካቶ በርበሬ በየጊዜው ይልካሉ፤ የእኔን ወረቀቶች ጆንያው አፍ ላይ ሸጉጠው አብረው ይጭኑታል፣ እዚያው መርካቶ ያለው አባቴ ሱቅ ይደርሳል፤ የእሷም በባዶው ጆንያ ይመለስልኛል። ያ መንገድ ገና ፒስታ ነበር፣ መኪናው ሲንገጫገጭ ወረቀቱ በርበሬውን ጠጥቶ ነው የሚገባው። የአክስቴ ልጅ ስለ ግጭት ስታነብ ታስነጥሳለች፣ ስለ ስበት ስታነብ ታስነጥሳለች። እናቴ ጉንፋን መስሏት ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት። ለእኔም ስትደውል ወሬዋ ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። «ደግሞ እኮ ሳትታዘዝ ዕቃ ታጥባለች» ትለኛለች። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ቅናት አንገበገበኝ፤ ሄጄ የአክስቴን ድስቶች ሁሉ ፈተግሁ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ የሞዴል ፈተና ኬሚስትሪ ጉድ ሠራኝ። ቤቱ በሐዘን ተመታ። የአክስቴ ቤተ ክርስቲያን በስሜ ጸለየ፣ እናቴ ተሳለች፣ ሀጂያ ዱዓ አደረጉ፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ «ለእኔም ብለሽ እለፊ» አሉኝ። እኔ ግን ወሬ መውደዴን ተውኩት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እስከ ፈተናው ድረስ በርበሬ በርበሬ የምሸትና ሰጋቱራ የለበስኩ ሆኜ ያንን ጠረጴዛ ላይ ተጣበቅሁ።

ተፈተንን። ጠበቅን። ክረምቱ አልቆ ምደባው ወጣ ተባለና ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሮጬ ደረስኩ፤ ከደረስኩ በኋላ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጓደኛዬን «አንቺ እዪልኝ» አልኳት። ጮኸች። ዓይኔን ስገልጥ ስሜ አለ። ከስሜ ፊት ለፊት ሕክምና አለ፤ ከሕክምና ቀጥሎ ጅማ።

የጮህኩትን ጩኸት ጋሪ ነጂዎቹ ዛሬም ሳያስታውሱት አይቀሩም። ቤት እስክደርስ አልቆምኩም። ሀጂያ ከበራቸው ላይ እልል አሉ፣ አክስቴ ወገቧን ይዛ አለቀሰች፣ የአክስቴ ባል መጋዙን አጠፋ። ምንም ሳይናገር መሮና መዶሻ ይዞ ወደ ክፍሌ ገባና ያንን መሳቢያ ከፈተው። ሁለት ዓመት ሙሉ! «የሐኪም ዕቃሽን እንድታስገቢበት» አለ።

ስልኩ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«ገባሁ!»

«ገባሁ!»

ማን ምን እንዳለ አልተለየም። እሷም ሕክምና፣ ጎንደር። ማስነጠስ ይሁን ማልቀስ የማይታወቅ ድምፅ እያሰማች «ጎንደር ይበርዳል አሉ» አለችኝ። ደስታዬ የሚገባበት አጣ፤ ተነስቼ ዘለልኩ፣ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ እንደገና ዘለልኩ።

አጎቴስ? «አላልኳችሁም? ክልል!» አለ። ፕላዝማውን የሚያስታውስ የለም፣ በርበሬውን የሚያስታውስ የለም፣ ርዕሰ መምህሩ የሳቀውን የሚያስታውስ የለም። ወልቂጤ ላይ ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ልጁን ቦታ ቀይሮ እንዲያስተምር ተመክሮ ይሄድ ጀመር።

መስከረም ላይ ወደየትምህርታችን ከመሄዳችን በፊት መልሰው ሊለዋወጡን ቡኢ ተቀጠረ። ያው ምግብ ቤት፣ ያው ክትፎ። አጎቴም ወልቂጤን ዘግቶ መጥቷል። ጅማ በመመደቤ ደስ ብሎት አልጠገበም፤ «በደጄ እኮ ነው የምታልፊው!» ይለኛል ደጋግሞ። ተበላ፣ ተሳቀ፣ ወጣን። ሁለቱ ሚኒባሶች ፊትና ኋላ ቆመዋል። እናቴ ሻንጣዬን ይዛ ወደ አዲስ አበባው ሄደች፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው የአክስቴን ክንድ ይዤ የቡታጅራው ላይ አንድ እግሬን አንስቻለሁ። ዞር ስል የአክስቴ ልጅ የአዲስ አበባው ውስጥ ገብታ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች።

ሁሉም ሳቀ። አክስቴ እየሳቀች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ክንዴን ግን አልለቀቀችውም።

«አያችሁ!» አለ አጎቴ። «ሰው እንደሆነ ይለምዳል! እንግዲህ የትንሿ ተራ ነው። ከአሁኑ ቡታጅራ ትግባና ከሥር ትሠራ። አክስቷም ቤቱ ባዶ አይሆንባት።»

ታናሽ እህቴ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። ሚኒባሱን ተደግፋ ሸንኮራዋን እየጋጠች ነው። አባቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ አጎቴ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ይቺም የምትሄድበት ይቅናት...»

አፌ ሊከፈት ሲል ተሰማኝ። አሜን ልል ነበር! ያ አሜን ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ ቆይ!»

እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«ማንም አሜን እንዳይል!» አልኩ። «አንዴ ዝም በሉልኝ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም።»

ዝም አሉ። አባቴ ዝም አለ፣ የአክስቴ ባል ዝም አለ፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ቆመ። አጎቴ አፍጥጦ አየኝ። እንደ ልጅነቴ ሊያባርረኝ ነው ብዬ የአክስቴን ክንድ አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ኮፍያውንም አወለቀ። «እንግዲህ ሐኪም ናት፣ ምን እናደርጋለን» አለ ለአባቴ፣ በዝግታ።

ወደ እህቴ ዞርኩ። «አንቺስ? የት መማር ትፈልጊያለሽ? ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?»

ማኘኳን አቆመች። የአዲስ አበባውን ሚኒባስ አየች፣ የቡታጅራውን አየች፣ አጎቴን አየች።

«እኔን ነው?»

«አንቺን።»

«ላስብበት» አለች።

የአዲስ አበባው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ። አጎቴ እንደ ነብር ዞረበት።

«ዝም በል አንተ! ልጅቷ እያሰበች ነው!»